የትንንሽ መስፈሪያ ስሞች በእንግሊዝኛ ቋንቋ

አንድ ፓውንድ ወርቅና አንድ ፓውንድ ጥጥ በሚዛን ቢመዘኑ የትኛው ይከብዳል? ይህ በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁት የኖሩት እንቆቅልሽ ነው። ቸኩሎ የሚመልስ ሰው «ወርቁ ነዋ!» ይላል። ጥቂት የሚያስተውለው ደግሞ «ፓውንድ ያው ፓውንድ ነውና ሁለቱም እኩል ናቸው» ብሎ ይመልሳል። እውነተኛው መልስ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የሚከብደው ጥጡ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ፓውንዱን ትተን አንድ አውንስ ወርቅ ከአንድ አውንስ ጥጥ ጋር የመዘንን እንደ ሆነ ወርቁ የሚከብድ መሆኑ ነው።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የሂሳብ ጉዳይ ነው። እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዐይነት ሚዛኖች ነበሯቸው። አንደኛው ወርቅ፣ ብርና የከበረ ነገር የሚመዘንበት ነው፤ እርሱም «ትሮይ» ይባላል፤ ስሙም ትርዋ ከምትባለው ከፈረንሳይ የገበያ ከተማ እንደ ተወሰደ ይነገራል። ሁለተኛው ቅቤ፣ ሥጋ፣ ሱፍና የመሳሰለው ሸቀጥ የሚመዘንበት ሲሆን «አቨርዱፕዋ» ይባላል፤ ትርጓሜውም በአሮጌው ፈረንሳይኛ «በክብደት የሚሸጥ ዕቃ» ማለት ነው። የወርቁ አውንስ 31 ግራም ከ1 ዐሥረኛ ያህል ይመዝናል። የሸቀጡ አውንስ 28 ግራም ከ35 መቶኛ ነው። ነገር ግን የወርቁ ፓውንድ 12 አውንስ ብቻ ሲይዝ የሸቀጡ ፓውንድ 16 አውንስ ይይዛል። ስለዚህ የወርቁ ፓውንድ 373 ግራም፣ የጥጡ ፓውንድ 453 ግራም ተኩል ግድም ይሆናል። የትሮይ ፓውንድ በእንግሊዝ አገር በ1878 ዓ.ም. በሕግ ተሽሯል፤ አውንሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተሻረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።)

ይህን ጉዳይ ያነሣነው እንዲሁ ለጨዋታ ያህል አይደለም። የውጭ አገር ወሬ እየተረጐምን ለሕዝብ የምናሰማ ሰዎች በየቀኑ ከሚያጋጥሙን ቃላት አንዱ ይኸው «አውንስ» ነው። የዓለም ገበያ የወርቅን ዋጋ የሚናገረው በአውንስ ነው፤ በአማርኛም «ወቄት» የሚል የታወቀና ያማረ ቃል ስላለን «የአንድ ወቄት ወርቅ ዋጋ ይህን ያህል ሆነ» ብሎ መጻፍ እጅግ ይቀላል። ሆኖም የአገራችን ወቄት ከጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበረና 28 ግራም ከጥቂት ነው። እንግዲህ ወቄታችን ከባለ ቅቤው አውንስ ጋር ቢቀራረብም ከባለ ወርቁ አውንስ በ3 ግራም ያንሳል። መቶ አውንስ ወርቅ መቶ ወቄት ነው ብሎ የሚዋዋል ነጋዴ 300 ግራም ያህል ወርቅ በአንዲት ቃል ይስታል ማለት ነው። በንግግር ጊዜ ከቁም ነገር የማይቈጠር ልዩነት በሚዛን ላይ ሲወጣ የአንድን ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ሊያህል ይችላል።

ዳሩ ግን ወቄትና አውንስ ለተርጓሚ የማይመቹ ይሁኑ እንጂ በዘራቸው ወንድማማቾች ናቸው። የሁለቱም አባት «ኡንኪያ» የሚባለው የሮማውያን ቃል ነው፤ ይኸውም ከዐሥራ ሁለት አንድ እጅ ማለት ነው። ቃሉ በምሥራቅ በኩል ወደ ዐረብ ነጋዴዎች ደርሶ «ወቂያ» ተባለ፤ ወቄት ሆኖም ወደ እኛ ገባ። በምዕራብ በኩል በፈረንሳይ አድርጎ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር «አውንስ» ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ይኸው የሮማውያን ቃል በሌላ መንገድ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ ነበር፤ እርሱም «ኢንች» ነው። የእግር ርዝመት በዐሥራ ሁለት ሲከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ ኢንች፣ የፓውንድ ክብደት በዐሥራ ሁለት ሲከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ አውንስ ተባለ። ስለዚህ አናጢው በሜትሩ ላይ የሚያየው ኢንችና አንጥረኛው በሚዛኑ ላይ የሚያኖረው ወቄት የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

አውንስ በዚህ ብቻ ቢወሰን መልካም ነበር። ነገር ግን ውኃና መድኃኒት የሚሰፈርበት አውንስም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1824 ዓ.ም. ባወጣው የሚዛንና የመስፈሪያ ሕግ ጋሎንን ዐሥር ፓውንድ ውኃ እንዲይዝ አድርጎ እንደ አዲስ ሠራው፤ የፈሳሹም አውንስ በዚያው ተለካ። አሜሪካኖች ግን ከእንግሊዝ አገዛዝ አስቀድመው ተለይተው ነበርና በንግሥት አን ዘመን የተወሰነውን የወይን ጠጅ ጋሎን አልተዉም። ከዚህም የተነሣ የለንደን የፈሳሽ አውንስ 28 ሚሊ ሊትር ከ4 ዐሥረኛ፣ የኒው ዮርኩ 29 ሚሊ ሊትር ከግማሽ ግድም ሆኖ ቀረ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ስም ሁለት ልክ ይሰፍራሉ።

ከአውንስ በታች «ድራም» አለ። ይህም ከግሪክ «ድራክሜ» የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጓሜው ጭብጥ፣ ማለትም እጅ የጨበጠው ያህል ማለት ነው። ዐረቦች «ዲርሃም» አሉት፤ በአገራችን የወርቅ ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ከወቄት በታች ያለው «ድሪም» እርሱ ነው። ዛሬ በዱባይና በአቡ ዳቢ ሠርተው ደመወዛቸውን በዲርሃም የሚቀበሉ ወገኖቻችን የአያቶቻቸው አንጥረኛ ይመዝንበት የነበረውን ቃል በኪሳቸው ይዘው ይመለሳሉ። በእንግሊዝ አገር ግን ድራም በየሰዉ ዘንድ ልዩ ልዩ ሆነ። መድኃኒት ቀማሚው ድራም ሲል ከአውንሱ ስምንተኛ እጅ፣ ማለትም 3 ግራም ከ9 ዐሥረኛ ያህል ማለቱ ነበር። ባለ ሱቁ ድራም ሲል ከአውንሱ ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ማለቱ ነው፤ ይህም ከመድኃኒት ቀማሚው ከግማሽ ያነሰ ነው። በስኮትላንድ መጠጥ ቤት ድራም ያለ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ መለኪያ ውስኪ ማለት ነው፤ የመለኪያውም ትልቅነት እንደ ባለቤቱ ቸርነት ነው።

የእነዚህ ሁሉ መሠረት የእህል ፍሬ ነበር። «ግሬይን» ማለት የእህል ቅንጣት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ግድም በእንግሊዝ አገር የወጣው ደንብ አንድ የብር ፔኒ ከዛላው መካከል የተለቀሙ 32 የስንዴ ፍሬዎችን እንዲያህል ያዝዛል። ኢንችም ቢሆን የሦስት ደረቅና ክብ የገብስ ፍሬዎች ርዝመት ነው ተብሎ ይቈጠር ነበር። የእንግሊዝ ጫማ ቍጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚጨምረው እስከ ዛሬ በአንድ ገብስ ርዝመት፣ ማለትም በኢንች ሢሶ ነው። ገበሬው ያመረተው ፍሬ ለንጉሡ ገንዘብ ዳኛ መሆኑ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን የስንዴ ፍሬና የገብስ ፍሬ እኩል አይመዝኑም፤ የዝናም ዓመት ፍሬና የድርቅ ዓመት ፍሬም እንዲሁ። ስለዚህ ውሎ አድሮ ግሬይን የሚለው ስም ከእህሉ ተለይቶ የናስ ሚዛን ስም ሆነ። በ1959 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ መንግሥታት ሚዛናቸውን ሲያስተካክሉ አንዱ ግሬይን 64 ሚሊ ግራም ከ8 ዐሥረኛ ያህል እንዲሆን ተወሰነ።

በአሜሪካ አገር የሚሸጠው የታወቀው አስፒሪን 325 ሚሊ ግራም የሆነበት ምክንያት ለብዙ ሰዎች እንቆቅልሽ ነው። ለምን ድፍን 300 አልሆነም? ምክንያቱ ኪኒኑ ከጥንት የተሠራው በ5 ግሬይን ስለ ነበር ነው። አምስቱን ግሬይን ወደ ሚሊ ግራም ብንመልሰው 324 ግድም ይመጣል። እንግዲህ ራሱን ያመመው አሜሪካዊ የሚውጠው አምስት የገብስ ፍሬ ነው ብንል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይሁን እንጂ ግሬይንና ግራም በጽሕፈት ሲያጥሩ ይመሳሰላሉ። አንድ ግራም ከ15 ግሬይን ስለሚበልጥ አንዱን በሌላው ስፍራ ያነበበ መድኃኒት ቀማሚ ለበሽተኛው ከታዘዘለት ዐሥራ አምስት እጥፍ ይሰጠዋል። በእንግሊዝ አገር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒት በእነዚህ በጥንቶቹ ሚዛኖች እንዳይታደል የተከለከለው ስለዚህና ስለዚህ ስለ መሰለው ነው።

በግሬይንና በድራም መካከል «ስክሩፕል» የሚባል ነበር፤ ልኩ 20 ግሬይን ነው። ቃሉ በሮማይስጥ ሾል ያለች ትንሽ ጠጠር ማለት ነው። በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር መንገደኛውን እንደምትቈረቍረው ኅሊናንም የሚቈረቍረው ነገር በዚሁ ስም ተጠራ። ሚዛኑ ከመድኃኒት ቤት ከወጣ ቈይቷል፤ በኅሊና ዘንድ ያለው ግን አሁንም ይሠራበታል። እንግሊዛዊ ስለ አንድ ሰው «ስክሩፕል የለውም» ሲል ሚዛን ጐድሎታል ማለቱ አይደለም፤ ይሉኝታ ቢስ ነው ማለቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጥፋት ያደረሰች ትንሽ ቃል ግን «ጠብታ» ናት። ጠብታ ማን የማያውቃት ናት? ነገር ግን የውኃ ጠብታና የአልኮል ጠብታ እኩል አይደሉም፤ ከአንዱ ማንጠብጠቢያ ቢወርዱም የአልኮሉ ክብደት ከውኃው ከግማሽ ያንሳል። የጠርሙሱም አፍ ሰፋ ወይም ጠበብ ሲል ጠብታው አብሮ ይለወጣል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር «ላውዳነም» የሚባለው በአልኮል የሟሟ ኦፒየም ለሳልም፣ ለሆድ ቍርጠትም፣ ለሚያለቅስ ሕፃንም በጠብታ እየተቈጠረ ይሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ «ይህን ያህል ጠብታ» ተብሎ ሲጻፍ የማን ጠብታ፣ ከየትኛው ጠርሙስ የሚል አልነበረበትም። ኦፒየም የበዛበት ሕፃን ማልቀሱን ትቶ ይተኛል፤ እናቲቱም ተሻለው ትላለች፤ ከዚያም በኋላ የማይነቃው ብዙ ነበር።

የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ይህን ችግር ተመልክቶ በ1809 ዓ.ም. ባሳተመው የመድኃኒት መጽሐፍ የጠብታን ስም ትቶ «ሚኒም» የሚል አዲስ ልክ አወጣ። ሚኒም በሮማይስጥ ከሁሉ የሚያንስ ማለት ሲሆን የፈሳሽ ድራም ስድሳኛ እጅ ነው፤ የሚሰፈረውም ምልክት በተቀረጸበት ጠባብ ብርጭቆ እንጂ በቈጣሪው ዓይን አይደለም። ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁንና መጽሐፉ የሚነበበው በሐኪሞችና በቀማሚዎች ዘንድ ነበርና ድኻው በቤቱ ውስጥ እንደ ቀድሞው በጠብታና በሻይ ማንኪያ ይሰፍር ነበር። ማንኪያውም ቢሆን አልታመነም። ቀማሚዎች የሻይ ማንኪያን አንድ የፈሳሽ ድራም፣ ማለትም ሦስት ሚሊ ሊትር ተኩል ግድም ብለው ቈጥረውት ነበር፤ ማንኪያ ሠሪዎች ግን ማንኪያውን እያሰፉት ሄዱ። ዛሬ የመድኃኒት ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። እንደ ኦፒየም ያለው መርዝ ከተፈቀደለት መድኃኒት ሻጭ በቀር በማንም እንዳይሸጥ የተደነገገው በ1868 ዓ.ም. ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። ዛሬም በየሆስፒታሉ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚሰቀለው የግሉኮስ ላስቲክ የሚቈጠረው በጠብታ ነው። የመስጫው ቱቦ ግን ዐይነቱ ብዙ ነው፤ በአንዱ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ለሕፃናት በሚሠራበት በሌላው አንዱን ሚሊ ሊትር ለመሙላት 60 ጠብታ ያስፈልጋል። አስታማሚዋ በደቂቃ 60 ጠብታ እንዲወርድ ብታደርግ በሕፃናቱ ቱቦ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ በሌላው ቱቦ ግን 180። ስለዚህ የሠለጠነች አስታማሚ ጠብታ ከመቍጠሯ በፊት በቱቦው መያዣ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ታነባለች።

የጊዜንም ነገር ባጭሩ እናንሣ። «ሚኒት» በሮማይስጥ የደቀቀ፣ ያነሰ ማለት ነው፤ የእኛም «ደቂቃ» ደቀቀ ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ሁለቱ ቃላት በአንድ አሳብ የተገናኙ ናቸው። ሰዓት አንድ ጊዜ በስድሳ ሲደቅ ደቂቃ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲደቅ «ሰከንድ» ይሆናል፤ ሰከንድ ማለትም ሁለተኛ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችንም በክፍልፋያቸው «ካልኢት» የሚሉት ሁለተኛይቱ ማለታቸው ነው። «ሞመንት» ደግሞ ዛሬ ልክ የሌለው ቅጽበት ይሁን እንጂ ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኵሴ በ725 ዓ.ም. ስለ ዘመን አቈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ የሰዓት አርባኛ እጅ ነበር። እንግዲህ በቢሮ በር ላይ ቆሞ «አንድ ሞመንት» የተባለ ባለ ጉዳይ በቤዳ ሕግ ቢዳኝ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ መጠበቅ ባልተገባው ነበር። «ሚኒትስ» ተብሎ በብዙ ቍጥር ሲነገር ግን ደቂቃዎች ማለት ብቻ አይደለም፤ በትንሹ የተጻፈ ረቂቅ ከሚል አሳብ ተነሥቶ ቃለ ጉባኤ ማለትም ሆኗል። «የባለፈው ስብሰባ ደቂቃዎች ተነበቡ» ተብሎ ሲተረጐም ሰምተናል።

«ጆት» ስለሚባለውም አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። በእንግሊዝኛ «አንዲት ጆት የለም» ሲባል ቅንጣት የለም ማለት ነው። ይኸውም ከግሪክ ፊደላት ሁሉ ትንሿ የሆነችው ዮታ ናት፤ በአማርኛው ወንጌል «የውጣ» ተብላ የምትነበበው እርሷው ናት።

እስከዚህ ያየናቸው ሚዛን ያላቸው ናቸው። ሚዛን የሌላቸው የጥቂት ቃላት ደግሞ ከእነርሱ ይልቅ ያስቸግራሉ። «ፊው» ማለት ጥቂት ነው። ነገር ግን «ፊው ወዳጆች አሉኝ» ያለ ሰው ወዳጅ እንደ ሌለው ማዘኑ ነው፤ ከቃሉ በፊት «ኤ» የምትለዋን አንዲት ፊደል ጨምሮ «ኤ ፊው» ያለ እንደ ሆነ ግን ጥቂትም ቢሆኑ አሉኝ ብሎ መጽናናቱ ነው። በአማርኛ ይህን የምንለየው በ«ብቻ»ና በ«ም» ነው፤ «ጥቂት ብቻ» እና «ጥቂትም ቢሆን» እንላለን። በዚያ ላይ «ኳይት» የሚል ቃል ከፊቱ የተጨመረበት እንደ ሆነ ነገሩ ፈጽሞ ይገለበጣል፤ በአሜሪካኖች ዘንድ የተለመደው «ኳይት ኤ ፊው» ጥቂት መሆኑ ቀርቶ ብዙ ማለት ነው። በሰልፉ «ኳይት ኤ ፊው» ሰዎች ተገኙ የሚል ወሬ ደርሶት «ጥቂት ሰዎች ብቻ ተገኙ» ብሎ የሚያነብ ተርጓሚ ሙሉውን አደባባይ ባዶ ያደርገዋል።

«ካፕል» በጥንቱ ሁለት ማለት ነው፤ በዛሬ ጨዋታ ግን ሦስትም አራትም ሊሆን ይችላል። «ሴቨራል»ን በትምህርት ቤት ከሁለትና ከሦስት የሚበልጥ ብለን ተምረነዋል። የቃሉ መነሻ ግን ተለይቶ የቆመ፣ ለየብቻ የሆነ ማለት ነው፤ በሕግ ቋንቋም ይህን ትርጉሙን አልለቀቀም። በእንግሊዝኛ ውል ላይ ዋሶቹ «ጆይንትሊ ኤንድ ሴቨራሊ» ይጠየቃሉ ተብሎ ሲጻፍ በአንድነትና በተናጠል ማለት ነው። አራት ሰዎች ለአንድ ብድር በዚህ ቃል ቢዋሱ ባለ ገንዘቡ ከአራቱ የወደደውን አንዱን ይዞ ዕዳውን በሙሉ ሊጠይቀው ይችላል። «እኔ የሚደርስብኝ ሩቡ ነው» ብሎ የፈረመ ዋስ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ፊርማ ከማኖር አስቀድሞ ሕግ ዐዋቂ መጠየቅ ያለበት እንዲህ ላለው ቃል ነው።

ይህ «ፊው» የሚባለው ቃል ባለፈው መቶ ዓመት ያገኘውን ማዕርግ ነግረን ንግግራችንን እንፈጽማለን። በ1940 ዓ.ም. በበጋ የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች የእንግሊዝን አገር ሲደበድቡ ሳሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል በነሐሴ ወር 20ኛው ቀን በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ባደረገው ንግግር አገሪቱን በሰማይ የሚከላከሉትን አብራሪዎች በዚህ ቃል ጠራቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሉ የማዕርግ ስም ሆነ፤ ስለዚያ ጦርነት ሲነገር «ዘ ፊው» ማለት እነዚያ አብራሪዎች ማለት ነው። ከእንግሊዞች በቀር ፖላንዳውያን፣ ቼኮች፣ የኒው ዚላንድና የካናዳ ተወላጆች፣ ሌሎችም ነበሩባቸው። በ2005 ዓ.ም. በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር በቆመላቸው መታሰቢያ ላይ የእያንዳንዳቸው ስም በነሐስ ተጽፎ ይታያል። ቢቈጠሩ ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ።